ሽማግሌ የማይጠራው ጎረቤት

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ ስለ እርቅ የሚመክር ስብሰባ ነበር። መድረኩን የያዙ አንድ ባለሥልጣን እርቅ የሽማግሌ እንጂ የምሁር ሥራ አይደለም አሉ። ሽማግሌ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ምሁር አምስት ዓመት ያጠናዋል፣ ያውም ከፈረንጅ መጽሐፍ እየቀዳ፣ ብለው ጨመሩበት። አዳራሹ ሳቀ። ተጨበጨበም። (በነገራችን ላይ ሰውየው ወደ መድረክ የተጋበዙት “ዶክተር” ተብለው ነው።)

በአንድ ቀን? እስቲ እዚችው ላይ እንቆይ። በሰኔ 2010፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ሰው በብሔሩ ተለይቶ ተመታ። ሰው ሞተ። ብዙ የወላይታ ተወላጆች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው መጥተው ሕዝቡን አነጋገሩ። ስለ ይቅርታና ስለ አብሮነት ያልተባለ ነገር አልነበረም። ከዚያስ? ዓመት አለፈና ሐምሌ 11 ቀን 2011 መጣ። የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ በመዘግየቱ በተነሳው ቁጣ በሐዋሳም በሌሎች የሲዳማ ከተሞችም እንደገና ደም ፈሰሰ። ታዲያ በአንድ ቀን ያለቀው ምኑ ነው? ንግግሩ ከሆነ፣ አዎ፣ እሱ አልቋል።

የፈረንጅ መጽሐፍ ወደተባለው ልምጣ። ኤርቪን ስታውብ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 ቡዳፔስት ውስጥ የስድስት ዓመት አይሁዳዊ ልጅ ነበር። ናዚዎችና የአገሩ ተባባሪዎቻቸው ወገኖቹን እየለቀሙ ሲያጠፉ እሱ ተረፈ። ያተረፈው የስዊድኑ ዲፕሎማት ራውል ዋለንበርግ ያሠራጨው የጥበቃ ወረቀት ነው። ደግሞም ቤታቸው ትሠራ የነበረች ማሪያ የምትባል ክርስቲያን ሴት። ነፍሷን አስይዛ ደበቀቻቸው፤ ምግብም አመጣችላቸው። ይህ ሰው ወደ እርቅ ሥራ የገባው በመጽሐፍ በር አይደለም።

አድጎ፣ አሜሪካ ተምሮ ምርምር ሲጀምር ቀድሞ ያጠናው ገዳዮችን እንዳይመስላችሁ። እንደ ማሪያ ያሉትን ነው። አንድ ሙከራው በተለይ ከአእምሮዬ አይወጣም። ልጆች አንድ ክፍል ተቀምጠው ሥራ ይሰጣቸዋል። ከጎን ካለው ክፍል የሌላ ልጅ የጭንቅ ድምፅ ይሰማል። ቀደም ብሎ “ወደዚያኛው ክፍል መግባት ትችላላችሁ” ከተባሉት ብዙዎቹ ተነስተው ሄዱ። ምንም ካልተነገራቸው ውስጥ ግን የሄዱት ያነሱ ናቸው። ልጆቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። የተፈቀደ አልመሰላቸውም።

ይህን ይዛችሁ ወደ ሰኔ 2010 ተመለሱ። አንድ ግቢ ስድስት ተከራይ አለው። የአንዱ በር ይሰበራል። አምስቱስ? መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ያየ አለ። በሩን የቀረቀረ አለ። ጎትቶ አስገብቶ አልጋ ሥር የደበቀም አለ። ሽምግልናችን የሚያውቀው ሁለት ሰው ነው፤ የመታና የተመታ። በመስኮት ያየውን የሚጠራው የለም። “ለምን ዝም አልክ” አይባልም። የደበቀውም “እንኳን አደረግክ” አይባልም። ወደፊት ነገሩ የሚወሰነው ግን በእነዚህ ሰዎች ነው። መቺው ጥቂት ነው። የሚመታው የሚያየው ሰው ዝም እንደሚል ስለሚተማመን ነው።

ስታውብ ይህን ይዞ ከባልደረባው ከሎሪ ፐርልማን ጋር ሩዋንዳ ገባ። እዚያ እልቂቱን ካቀጣጠሉት አንዱ ሬዲዮ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሬዲዮ የተላለፈ ድራማ በእነሱ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ተሠራ፤ የሁለት የተቃቃሩ መንደሮች ታሪክ ነው። ሌላ ተመራማሪ ደግሞ ውጤቱን መዘነችው። ዓመት ሙሉ ያዳመጡት ሰዎች የግል እምነታቸው ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ጎረቤቶቻቸው ምንን እንደሚቀበሉ፣ ምንን እንደሚነቅፉ ያላቸው ግምት ነው። ያልተስማሙበትንም አፍ አውጥተው መናገር ጀመሩ። እንደገና ያው የፈቃድ ነገር! ይህን የትኛው የአንድ ቀን ሽምግልና ነው የሚነግረን?

የሲዳማን ባህላዊ የእርቅ ሥርዓት፣ አፊኒን፣ አልንቅም። በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ተቀምጦ እውነቱ እስኪወጣ የሚጣራበት ሥርዓት ነው፤ እሱን ያመጡት ሲዳማዎች እንኳ በጥድፊያ አይጨርሱትም። የባለሥልጣኑ ሽምግልና ግን ሌላ ነው። ጠዋት ንግግር፣ ምሳ፣ ከሰዓት “ያለፈውን ሆድ ይፍጀው”፣ ማታ ዜና። በዚያ ላይ ለዚህች ከተማ ሽማግሌው የማን ነው? ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተከፈተ ወዲህ ሴት ልጆች ከየአቅጣጫው መጥተው አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው ይኖራሉ። አባቷ ሌላ ዞን፣ ሽማግሌዋም ሌላ ዞን። በሯ ሲንኳኳ የሚደርስላት የግቢው ሰው ብቻ ነው።

እና ምሁሩ አምስት ዓመት ቢያጠና ምን ተጎዳን? ያጥና። በየግቢው ይቀመጥ፤ ማን ከፈተ፣ ማን ዘጋ፣ የከፈተውስ ምን ብሎ ደፈረ ብሎ ይጠይቅ። ሽማግሌ ይህን አይጠይቅም። ባለሥልጣን ደግሞ መልሱን ይፈራል፤ “ፖሊስ ሲያይ ዝም አለ፣ እኔ ምን ልሁን” የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም።

በሚቀጥለው ስብሰባ መድረኩ ላይ ለዚያ ግቢ ተከራዮች ወንበር ይውጣ። የደበቀውም፣ በሩን የቀረቀረውም ይናገር። ሰዓት የለም ከተባለ የመክፈቻ ንግግሩን ይቁረጡት፤ ባለፈው ብቻውን ግማሽ ቀን ፈጅቷል።