እንቁላሉ አልታገሠም

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1997 ለንደን፣ የሠዓሊዎች ማኅበርና የሥዕል ማሳያ በሆነው ሮያል አካዳሚ ውስጥ የነበረው ግን እግር እስኪያወጣ አልታገሠም፤ በረረ። ያረፈውም ማይራ ሂንድሊ ፊት ላይ ነው። እሷ በዚያ ሰዓት እስር ቤት ናት። እንቁላሉን የተቀበለላት ሥዕሏ ነው።

ሂንድሊ ከኢያን ብሬዲ ጋር ሆና ከ1963 እስከ 1965 ማንችስተር አካባቢ አምስት ልጆች በተገደሉበት ወንጀል የምትታወቅ ሴት ናት። ፖሊስ ሲይዛት ያነሣትን ፎቶ የእንግሊዝ ጋዜጦች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይሰለቹ አትመውታል። ሠዓሊው ማርከስ ሃርቪ በ1995 ያንኑ ፎቶ አሳድጎ ሣለው። ጣጣው የመጣው ከመሣሪያው ነው።

የሕፃን እጅ በፕላስተር ይቀረጻል። ቅርጹ ጥቁር፣ ግራጫ ወይም ነጭ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚሆን ቀለም) ይቀባና እንደ ማኅተም ሸራው ላይ ያርፋል፤ ይነሣል፣ እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ያርፋል። የጋዜጣ ፎቶ ከነጠብጣብ ነው የሚሠራው፤ ነጠብጣቡ ሲወፍር ይጠቁራል፣ ሲቀጥን ይፈካል፣ የቀረውን ዓይን ከሩቅ ያሟላዋል። ሃርቪ ነጠብጣቡን አውጥቶ መዳፍ አስገባበት። ሥዕሉ ቁመቱ ወደ 4 ሜትር፣ ወርዱ ከ3 ሜትር በላይ ነው። ከበሩ ሲያዩት የሴትዮዋ ፊት ነው፤ ክንድ እስኪቀር ሲጠጉት ፊቱ ይጠፋና ትንንሽ ጣቶች ብቻ ይቀራሉ። ሆድ የሚያባባው እዚህ ጋ ነው።

ይህን ሥዕል ጋዜጣ ላይ መዳፍ በምታህል ቦታ አሳንሰው ሲያትሙት ግን ጣቶቹ ድራሻቸው ይጠፋል። የሚቀረው ያው የድሮው የፖሊስ ፎቶ ነው። ስለዚህ አገሩ በጋዜጣ አይቶ የተጣላው ራሱ ጋዜጣው ሠላሳ ዓመት ሲያሳየው ከኖረው ፎቶ ጋር ነበር። «ይህ ምስል ፈጽሞ መታየት የለበትም» ለማለት ደግሞ ምስሉን ማተም ግድ ነው፤ አለበለዚያ አንባቢ ምኑን ይቆጣል?

አዳራሹም ቢሆን ለጠቡ ደግሶ ነበር የጠበቀው። የዐውደ ርእዩ ስም «ሴንሴሽን» ነው፤ አገር የሚያነጋግር ነገር እንደ ማለት። የሥዕሎቹ ባለቤት ቻርልስ ሳቺ በማስታወቂያ ሥራ የከበረ ሰው ነው። አንዳንዱ ሥራ ሊያስቀይም ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ፤ አንዱ ክፍል ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ተከለከለ። ሰው «አትግባ» ከተባለ ሰልፍ ይይዛል እንጂ መቼ ወደ ቤቱ ይመለሳል?

በዚህ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ለመናገር መብቷን ማንም የማይከራከራት ሴት ነበረች፤ አስከሬኑ እስከ ዛሬ ያልተገኘው ልጅ እናት። ይነሣ አለች። ይነሣ የምትል ሌላ ደብዳቤ ከወደ እስር ቤት መጣች፤ ላኪዋ ራሷ ሂንድሊ ናት፤ የሟቾች ቤተሰብ ስሜት ይታሰብ ባይ ሆና። «ይውረድ» ሲሉ ለነበሩት ጋዜጦች ከዚህ የከፋ ደጋፊ ከየት ይመጣል?

አካዳሚው አላወረደም። በዚህ ተናደው አባልነታቸውን የተዉ ሠዓሊዎች ነበሩ። በመክፈቻው ቀን የሕንፃው መስኮት ተሰበረ፤ አንዱ ቀለም ረጨ፣ ሌላው እንቁላል ወረወረ። የእንቁላሉ ነገር ትንሽ ያስቃል። የዘይት ቀለም ከመስፋፋቱ በፊት የአውሮፓ ሠዓሊዎች የቀለም ዱቄት የሚለውሱት በአስኳል ነበር። ወርዋሪው ሳያውቀው በዘመናዊው ሥዕል ላይ ጥንታዊውን ጥበብ ጨመረበት። እንቁላል ከደረቀ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ በሙቅ ውሃ አጥባለሁ ያለ ደግሞ እዚያው ይቀቅለዋል። የደረቀ አክሪሊክን ውሃ ስለማይፈታው በቶሎ የደረሰበት ተስፋ አለው። ሥዕሉ ወርዶ ታደሰ፣ በግልጽ ፕላስቲክ ተከልሎ፣ ጠባቂ ቆሞለት ተመልሶ ተሰቀለ። ፕላስቲክ መብራት ያንጸባርቃል፤ ተመልካቹ ከገዳይዋ ፊት ላይ የራሱን አፍንጫ እያነሣ ማየት ነበረበት። ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው ከፍሎ ገባ።

ቁጣ ግን ባሕር አይሻገርም። በ1999 ያው ዐውደ ርእይ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ሙዚየም ሲደርስ ሂንድሊን ዞር ብሎ ያያት ጥቂት ነው። ከንቲባ ጁሊያኒ የሙዚየሙን በጀት እቆርጣለሁ ብለው የዛቱት ክሪስ ኦፊሊ ድንግል ማርያምን በሣለበት ሸራ ላይ የዝሆን ፋንድያ በመለጠፉ ነበር። ለየአገሩ የየራሱ እርሾ ያስፈልገዋል።

በ2008 ቤጂንግ ውስጥ፣ ከ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ጋር በተያያዘ ግብዣ ላይ፣ ለንደንን የሚያስተዋውቅ ፊልም ታየ። መሐሉ ላይ ያ ፊት ብልጭ አለ። የለንደን ሹማምንት ክው አሉ። ከዚያ ሁሉ የከተማዋ ሀብት መሐል ይህን ማን መረጠው? መቼም መራጩን መውቀስ ይከብዳል፤ ዝነኛ ሥዕል ፈልግ ተብሎ ነዋ።