የቦይንግን ቦርድ የጠየቀችው ትንሿ ደላዌር

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ነበር (በአሜሪካ አቆጣጠር መጋቢት 10 ቀን 2019፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ ቦይንግ የሠራው 737 ማክስ አውሮፕላን፣ ከቦሌ በተነሳ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ። ስለ አውሮፕላኑ ሶፍትዌር ብዙ ተወርቷል፤ በአሜሪካ ስለተከፈተው የወንጀል ክስም እንዲሁ። ደላዌር ውስጥ ስለተሰጠው አንድ ውሳኔ ግን በእኛ ቋንቋ እምብዛም አልተጻፈም። ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ደላዌር ትንሽ ግዛት ናት። ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው። ነገር ግን ከአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተመዘገቡት እዚያ ነው። ቦይንግም አንዱ ነው። ፋብሪካው የትም ይሁን፣ የቦርድ አባላቱ ግዴታቸውን ተወጡ ወይ የሚለው የሚታየው በደላዌር ሕግ ነው። ለዚህም ከ1792 ጀምሮ ያለ ቻንስሪ የሚባል ፍርድ ቤት አላት። ጁሪ የለውም። ዳኛው ራሱ ሰምቶ ምክንያቱን ዘርዝሮ ይጽፋል። ያንን ጽሑፍ የየኩባንያው ጠበቆች ያነቡትና ለቦርዶቻቸው ምን መለወጥ እንዳለበት ይነግራሉ። አንድ ፍርድ ችሎት ቀርበው ለማያውቁ ኩባንያዎች ሁሉ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

የቦይንግ ክስ መንገዱን ያገኘው ከአይስክሬም ነው። ብሉ ቤል የተባለ ኩባንያ በባክቴሪያ የተበከለ አይስክሬም ሸጦ 3 ሰዎች ሞተዋል። ከባለአክሲዮኖቹ አንዱ ከሰሰ፤ ቦርዱ የምግብ ደኅንነትን የሚከታተልበት ሥርዓት የለውም አለ። ቻንስሪ ክሱን ቢዘጋውም በ2019 የደላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀጥል ብሎ ወሰነ። የኩባንያው ህልውና የቆመበትን አደጋ ቦርዱ ራሱ መከታተል አለበት ማለት ነው። አይስክሬም ለሚሸጥ ምግቡ፣ አውሮፕላን ለሚሠራ በረራው።

የቦይንግን ቦርድ የከሰሱት የጡረታ ፈንዶች ናቸው፤ የኒውዮርክ ግዛትና የኮሎራዶ እሳት አደጋ ሠራተኞችና ፖሊሶች። አስቀድመው የኩባንያውን ሰነድ ጠየቁ። ከ600 ሺህ ገጽ በላይ አገኙ፤ ኢሜይሎችም ነበሩበት። ቦርዱ ለበረራ ደኅንነት የተመደበ ኮሚቴ እንዳልነበረው ታየ። በጥቅምት 2018 የላየን ኤር አየር መንገድ ተመሳሳይ የቦይንግ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሲሞቱ፣ ቦርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ የተሰበሰበው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መገኘትም ግዴታ አልነበረም። በመስከረም 2021 ዳኛዋ ክሱ ይቀጥል ብላ ስትወስን፣ ያ የመጀመሪያው አደጋ ቦርዱ ሊሰማው ሲገባ ችላ ያለው ማስጠንቀቂያ ነበር አለች። ይህን ሳነብ የኛው አውሮፕላን ከመውደቁ በፊት የነበሩት አራት ወራት ናቸው የታዩኝ።

ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። የቦርድ አባላቱ መድን ሰጪዎች 237.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። ገንዘቡ የገባው ግን ለሟች ቤተሰቦች ሳይሆን ለራሱ ለቦይንግ ነው። ያንገበግባል። ሕጉ ቦርዱ የበደለው ኩባንያውን ነው ብሎ ስለሚያስብ እንዲህ ሆነ፤ የቤተሰቦቹ ክስ ሌላ ፍርድ ቤት ነው የታየው። ሆኖም ቦይንግ የአቪዬሽን ደኅንነት ልምድ ያለው ሰው በቦርዱ ውስጥ ሊጨምር፣ የሠራተኞችን የደኅንነት ሥጋት የሚቀበል ሰውም ሊመድብ ተስማማ። እነዚህ ከገንዘቡ በላይ ዋጋ አላቸው።

አሁን ባለአክሲዮኖች ቦርድን የሚጠይቁበት ያ በር እየጠበበ ነው። የቴስላ መሪ ኤሎን መስክ በ2024 ኩባንያው የመደበለት የ55.8 ቢሊዮን ዶላር ክፍያ ቻንስሪ ውስጥ ሲሰረዝበት ቴስላን ወደ ቴክሳስ አዛወረ። ክፍያውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 መለሰለት። ደላዌር ግን ሌሎችም እንዳይሄዱባት ፈርታ በመጋቢት 2025 ሕጓን ቀይራ ነበር። ባለአክሲዮን የሚያገኘው ሰነድ አሁን በአብዛኛው ቃለ ጉባኤና ለቦርድ የቀረበ ወረቀት ነው። ኢሜይል ለማግኘት በጣም ከባድ ሆኗል። ቴክሳስ ደግሞ ኩባንያዎች እስከ 3 በመቶ አክሲዮን የሌለውን ሰው በኩባንያው ስም እንዳይከስ እንዲከለክሉ ፈቀደች፤ ቴስላም ወዲያው ተጠቀመበት። የመስክን ክፍያ የከሰሰው ሰው የነበሩት 9 አክሲዮኖች ናቸው።

ኩባንያዎች በጥቃቅን ክስ ተቸግረናል ማለታቸውን አልክድም። የጠበቆች ክፍያ የሚያስደነግጥ ክስም አለ። ሰው የሞተበት ጉዳይ ግን ከዚህ ገደብ ነፃ መሆን አለበት። ቃለ ጉባኤ የሚያጸድቀው ራሱ ቦርዱ ነው፤ ያልተነጋገረበትን ነገር አይጽፍልህም።

እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ወይም ካውንቲ የምንሠራ ብዙዎቻችን የጡረታ ገንዘባችን በእነዚህ አክሲዮኖች ላይ ነው። ፈንዶቻችን ስለዚህ ሕግ ምን አቋም እንዳላቸው በደብዳቤ እንጠይቃቸው። ቦይንግንም የጠየቁት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጡረታ ጠባቂዎች ነበሩ።