ማስተካከያ፦ ራሳም ከናፒዬር ጦር ጋር አልመጣም

በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒዬር አፄ ቴዎድሮስን ስለወጋበት የመቅደላ ጦርነት ባወጣነው ጽሑፍ ሆርሙዝድ ራሳም “ከናፒዬር ጦር ጋር የመጣ እንግሊዛዊ መኮንን” ተብሏል። ይህ ይታረም። ራሳም ወታደር ሳይሆን የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ነበር። የተወለደውም በ1826 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የዛሬዋ ኢራቅ ውስጥ፣ ሞሱል ነው። አሦራዊ ክርስቲያን ነበር።

ምጽዋ የደረሰው በ1864፣ ከናፒዬር ከሦስት ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ያሰሩትን የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮንን ለማስፈታት የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ ነበር። “ግባ” እስኪባል ግን ከዓመት በላይ እዚያው ተጎልቶ ከረመ። በ1866 መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀረበ። ንጉሡ በክብር ተቀበሉት። ኋላ ግን አስፈቺው ራሱ ታሰረ! የተፈታው በአፕሪል 1868፣ ንጉሡ ከመሞታቸው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው።

ስለ ምሁርነቱ ምንም አለመባሉም ያስቆጫል። በ1853 ነነዌ ላይ የጥንቱን የአሦር ንጉሥ የአሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት ያገኘው እሱ ነው። ቦታው ለፈረንሳዮች የተመደበ ስለነበር በሌሊት፣ ተደብቆ ነው ያስቆፈረው። የጊልጋሜሽ ታሪክ (የጥንት ሜሶጶጣሚያ የጀግና ተረክ) የተጻፈባቸው የሸክላ ጽላቶች ከዚያ ከወጡት መካከል ናቸው። በ1879 ባቢሎን ላይ የተገኘው የቂሮስ ሲሊንደርም (የፋርስ ንጉሥ የቂሮስ አዋጅ የተጻፈበት ድብልብል ሸክላ) የእሱ ቁፋሮ ውጤት ነው።