ግልጽ ደብዳቤ ለተከበሩ ተከራዬ

ቀን፦ ወሩ ከሞላ ከሰነበተ በኋላ
ጉዳዩ፦ ያለ ማመልከቻ ስለወሰዱት ብድር፣ ማለትም ስላልከፈሉት የቤት ኪራይ

የተከበሩ ተከራዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ደብዳቤ የጻፍሁት ጠፍተውብኝ አይደለም። ግቢያችን አንድ ነው፤ ሲያስነጥስዎ "ይማርዎ" የምለው ከሳሎኔ ሆኜ ነው። ነገር ግን ፊት ለፊት ስንገናኝ እርስዎ "አብሽሩ ጋሼ፣ ሰኞ አለቀ" ይላሉ። እኔም አፌ ይተሳሰርና "ኧረ ምን ችግር አለ" ብዬ እገባለሁ። ወረቀት ግን ይሉኝታ አያውቅም።

ይቺ ሰኞ የምትሏት ነገር እኮ ገረመችኝ። ደሴ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር ያላት ከተማ ናት። ሰኞ መቼ እንደሚውል ለኛ አይነገረንም። የእርስዎ ሰኞ ግን ከየትኛው አገር ነው የሚመጣው? ወይስ መንገድ ተዘግቶበት ነው?

ከተማው ውስጥ ባንኮቹ "ከወለድ ነፃ አገልግሎት" የሚል ሰሌዳ ሲሰቅሉ አያለሁ። እኔ ሰሌዳ ሳልሰቅል ስንት ጊዜዬ! የኔ ብድር ከወለድ ነፃ፣ ከዋስ ነፃ፣ ከመመለሻ ቀንም ነፃ ነው። መያዣው ቤቴ ነው፤ ይዞ የተቀመጠው ደግሞ ተበዳሪው።

ችግሩ፣ የሚኖሩባትን ሰርቪስ ብሎኬትና ቆርቆሮ የገዛሁት እኔም ተበድሬ ነው። የኔ አበዳሪ ደግሞ "አብሽር" ቢሉት አይገባውም። ወር ሲሞላ ከነወለዱ ይቆርጣል። እርስዎ ባልከፈሉ ቁጥር ጡረታዬ ነው የሚከፍልልዎት። የሰፈር ሰው "አከራይ ቁጭ ብሎ ይበላል" ሲል እሰማለሁ። ቁጭ ማለቱስ እውነት ነው። ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁዎት ነው።

በሰበብ በኩል ግን አላማዎትም፤ እውነተኛ ወሎዬ ነዎት። ረመዳን ሲገባ "የጾም ወጪ በዛ"፣ ዒድ ሲደርስ "ልጆቹን ላልብስ"። ሁዳዴም ሲይዝ ጾመኛ ነዎት፣ ለፋሲካም ዶሮ ተወዶብዎታል። መውሊድም ጥምቀትም ኪራዬን ይዘውብኛል። ሁለቱንም ሃይማኖት እንዲህ አስማምቶ የያዘ ሰው ከእርስዎ በቀር አላየሁም። ጳጉሜንማ ቀድሞም በነፃ ነው የኖሩት።

ቡናውስ? ጀበና ሲጣድ ሽታው ይጠራዎታል። አቦል ላይ "ዛሬስ እጠይቃለሁ" ብዬ እዘጋጃለሁ። ቶና ላይ የልጅዎን ጉንፋን ያነሳሉ። በረካ ላይ እኔው ለመድኃኒት የሚሆን ብር አውጥቼ እሰጥዎታለሁ። ባለቤቴ ቀና ብላ ታየኛለች። እኔ ሲኒዬን አያለሁ።

ደሞ ቆጣሪው! ሲገቡ "አንድ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ብቻ" ነበር ያሉኝ። አሁን ሌሊት ምጣድዎ ሲሰካ የሳሎኔ አምፖል እንደ ሻማ ይደክማል። ጎህ ሲቀድ ባለሱቁ እንጀራውን በላስቲክ ጠቅልሎ ተሸክሞ ሲወጣ በመስኮት አየዋለሁ። ቆጣሪው በስሜ ነው፤ ካርዱን የምሞላው እኔ ነኝ። የእንጀራ ንግድ ሸሪክ መሆኔን እንኳ ያወቅሁት ካርዱ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅብኝ ነው። ባለፈው እንጀራ አልቆብን ልጄን ብልካት፣ "ዱቤ የለም" ብለው መለሱልኝ። እኔም አደነቅሁ። ንግድ እንዲህ ነው እንጂ!

ሐምሌ ሲመጣ ጣሪያው ያፈሳል። የደሴ መሬት ተዳፋት ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ድጋፍ ግንቡም ይታመማል። በዚሁ ወር ደግሞ የግብር መክፈያው ወቅት ይገባል። የኪራይ ገቢ ግብር ሠንጠረዥ "ለ" ላይ ነው የሚሰላው። ለጥገናና ለእርጅና ተቀናሽ አለው። "አብሽሩ" የሚቀነስበት ዓምድ ግን ፈልጌ አጣሁ።

ጎረቤት "ክሰሰው እንጂ!" ይለኛል። አላጣሁትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኪራይ ላልከፈለ ተከራይ ማስጠንቀቂያ ስጥ ይላል፤ ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ካነሰ 15 ቀን። ከዚያ ክስ፣ ቀጠሮ፣ ጠበቃ፣ አፈጻጸም። ሒሳቡን ብሠራው የጠበቃው ከውዝፉ በለጠ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ክልሎች የሚተገበርባቸውን ከተሞች ራሳቸው ይወስናሉ። ክፉ ሕግ ነው አልልም። "የስድስት ወር ቅድሚያ አምጡ" እያሉ ሰው ያስለቀሱ አከራዮች አውቃለሁ፤ እሰይ፣ ይበላቸው። ነገር ግን የሁለት ወር ቅድሚያ ተይዞ ሁለት ዓመት ሲኖር፣ የቀረው በእምነት ነው። እምነቴን ደግሞ እርስዎ ቀድመው በልተውታል።

ውጡ ብልስ? ከእርስዎ በፊት የነበረው ተከራይ በሌሊት ዕቃውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ። የውሃ ውዝፍና በሚስማር የተወቀረ ግድግዳ ትቶልኝ ነው የሄደው። አምፖሉን እንኳ ፈትቶታል። ቀለም ቀባሁ፣ ቁልፍ ቀየርሁ። ቤቱ ባዶውን ከረመ። ደላላው ሲያመጣዎት "ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁ አይሰማም" አለኝ። አልዋሸም። ወር ሲሞላ ድምፅዎ አይሰማም።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመክፈያ ጊዜ አያይዤያለሁ። ውዝፉን ከፋፍለው ቢከፍሉም እቀበላለሁ። በባንክ ይላኩት። "ልኬዋለሁ፣ ኔትወርክ ነው የያዘው" የሚለውን ግን ይተዉት፤ የኔም ስልክ እዚሁ ግቢ ነው የሚሠራው።

ከሰላምታ ጋር
አከራይዎ

ግልባጭ፦
ለደላላው፣ ኮሚሽኑን ከሁለታችንም ስለተቀበለ ሐሳቡንም እንዲካፈል፤
ለባለቤቴ፣ በረካ ከመድረሱ በፊት ጀበናውን እንድታነሳ፤
ለባለሱቁ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ የእንጀራውን ሒሳብ በእኔ በር በኩል እንዲያሳልፍ።