አንድ ሰው የቀረው

የእህቴ ልጅ ደቡብ ምዕራቡን በአራት ቀን ዞሮ ሊጨርስ ከአዲስ አበባ ጅማ መጣ። ዕቅዱ ስልኩ ላይ ነው፤ ከጅማ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ሚዛን፣ ከሚዛን ቴፒ፣ ከዚያ በማሻ አድርጎ ጎሬና መቱ፣ በበደሌና በአጋሮ በኩል ተመልሶ ጅማ። ካርታው ላይ በቀይ ክብ ሠርቶበታል። ክቡ ያምራል።

«ጋሼ፣ ቦንጋ እኮ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ሁለት ሰዓት ነው» አለኝ።

ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ኪሎ ሜትሩ ትክክል ነው። እኛ ዘንድ መንገድ የሚለካው ግን በሰው ነው።

ማታውን በምን እንደሚሄድ ስንማከር አመሸን። አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ጅማ ያመጣል፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማውን መንገድና የጊቤን በረሃ ቁልቁለት በደመና ላይ ያሻግራል። ቦንጋ ግን አይወርድም፤ ስለዚህ በአየር የመጣውም በመሬት የመጣውም በማግስቱ እዚያው መናኸሪያ ይገናኛል። ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ጅማ ገና አልደረሰም፤ እኛም አንቸኩልም። ላንድ ክሩዘር መከራየት ይቻላል፤ የቀን ኪራዩን፣ ነዳጁን፣ የሹፌሩን አበልና መኝታ ስንደምርለት ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ባጃጅ ለከተማ ነው፤ ባለ ባጃጁ ተሳፋሪው እንግዳ መሆኑን በአነጋገሩ ካወቀ ደግሞ ወዲያው «ኮንትራት» ይሆናል። የቀሩት ቅጥቅጥና ሚኒባስ ናቸው። ቅጥቅጥ በአይሱዙ ሻንሲ ላይ እዚሁ አገር አካል የተሠራለት አውቶቡስ ነው። ስሙ ከአሠራሩ የመጣ ይመስላችኋል፤ የተሳፈረ ሰው ግን ስሙ ከየት እንደመጣ በወገቡ ያውቃል።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መናኸሪያ ደረስን። «ቦንጋ! ቦንጋ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ረዳቱ። ሚኒባሱ ውስጥ አየን፤ እውነትም ሞልቷል። ሁለት ሰዎች ነን ብንለው «ግቡ፣ እናጠጋጋለን» አለ። ገባን፤ ከፈልን።

ሂሳቡን ከተቀበለ በኋላ ተሳፋሪው መውረድ ጀመረ። አንዱ ስልክ ሊያወራ ወረደ። አንዱ ቆሎ ሊገዛ። ሁለቱ ምንም ምክንያት ሳይሰጡ ወረዱና ጎን ወዳለው የአጋሮ መኪና ገብተው ተቀመጡ። እዚያም «አንድ ሰው የቀረው!» ሲባል ሰማን። በመጨረሻ የቀረነው እኔ፣ የእህቴ ልጅ፣ አንድ የከፋ ሽማግሌ፣ አንድ የአጋሮ ነጋዴና ጆንያ የያዙ እናት ነን። ጆንያው እንደ አንድ ሰው ሳይቆጠር አልቀረም።

የእህቴ ልጅ ተቆጣ። ሰዎቹ ተሳፋሪ መምሰል ሥራቸው መሆኑን ሳስረዳው ደግሞ ባሰበት። በአባ ጅፋር ዘመን ሲራራ ነጋዴውም ብቻውን አይወጣም ነበር፤ ሂርማታ ገበያ ላይ ጓዝ ተሰብስቦ፣ በቅሎ ተጭኖ፣ ባልንጀራ እስኪገኝ ይጠብቅ ነበር። እኛ የቀየርነው በቅሎውን ብቻ ነው። (በቅሎዋ ቢያንስ እየጠበቀች ሣር ትግጥ ነበር።)

በመጠበቅ ላይ ሳለን ቡና ተነሣ። ሽማግሌው ቡና የተገኘው ከፋ፣ ማኪራ ነው አሉ። የአጋሮው ነጋዴ ጎማ ወረዳ፣ ጮጬ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ጸጥታ አልነበረም። ክርክሩ ሲጦፍ ሰው በመስኮት ቆሞ ያደምጥ ጀመር፤ አንዳንዱም ሐሳብ ሊሰጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ረዳቱ ይህን አይቶ ሂሳብ ተቀበለው። ቡና የት እንደተገኘ ያን ቀን አልተወሰነም፤ አምስት ወንበር ግን ሞላ። ማኪራና ጮጬ ባይጣሉ ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ነበርን።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሩ በሙሉ ተያዘ፤ አሁንም አንድ ሰው ይቀራል። ይህን ሰው ብዙ ዓመት ሳስበው ኖሬአለሁ። መልኩን ያየው የለም። በመጣ ቁጥር ሌላ አንድ ሰው ይሆናል። በመጨረሻ ረዳቱ ከወንበር ሥር ሦስት እግር ያላት፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች በርጩማ አውጥቶ መተላለፊያው ላይ አስቀመጠ። የጅማ በርጩማ በየሆቴሉና በየሳሎኑ ለጌጥ ትቀመጣለች፤ ትርፍ ሰው የምትይዘው ግን እዚህ ነው። አንድ ወጣት ተቀመጠባት። ወጣን።

ትራፊክ ፖሊስ በታየ ቁጥር ረዳቱ «ዝቅ በሉ» ይላል። ወጣቱ ዝቅ ይላል። በርጩማዋ ዝቅ ስላለች ከዚያ በላይ ዝቅ ማለት ከባድ ነበር፤ እናቲቱ ርኅሩኅ ናቸውና ነጠላቸውን ጣል አደረጉበት፤ ጆንያ መሰለ። እውነተኛው ጆንያ ደግሞ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

ቦንጋ ደረስን። አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ማሩም ማር ነው። ልጁን እዚያ ተሰናብቼው ተመለስኩ። አራቱ ቀን ስምንት ሆነ። ከማሻ ሲደውልልኝ ዝናቡ ጣራ ሲመታ በስልኩ ይሰማ ነበር፤ «ጋሼ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን» አለኝ፤ ከልቡ ነበር የሚለው።

ሲመለስ ወደ አዲስ አበባ ልሸኘው መናኸሪያ ሄድኩ። ተሳፍሮ ከሄደ በኋላ የጅማ ዝናብ እንደ ልማዱ ሳያስጠነቅቅ ወረደ። ያ የቦንጋው ረዳት አወቀኝ። «ጋሼ፣ ለምን ይደበደባሉ? እስኪያባራ ገባ ብለው ይቀመጡ» አለኝ። ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው ብዬ ገባሁ፤ ጋቢና ሰጠኝ። ከኋላዬ አራት ሰዎች አሉ፤ ከአራቱ ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፤ ቦንጋ አይተው አያውቁም።

አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል ይዛ በመስኮቱ ብቅ አለች። ረዳቱን አላመነችውም፤ የኔን ሽበት አየች።

«አባባ፣ ሊሞላ ነው?»

ዞር ብዬ ባዶ ወንበሮቹን አየሁ። ዝናቡ አላባራም።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው» አልኳት።