የዊሊ ኦሪ ቀኝ ዓይን ለምን ተዘለለ?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ዊሊ ኦሪን የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የበረዶ ሆኪ ሊግ) የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች፣ 45 ጨዋታና 4 ጎል ብሎ አልፎታል። ትልቁ ነገር ቀረ፤ ሰውዬው በቀኝ ዓይኑ አያይም ነበር! ወጣት ሳለ ፓክ (በበረዶ ሆኪ በኳስ ፈንታ የሚመታው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) መትቶት ነው፣ ለክለቦቹም ደብቆታል። የግራ ክንፍ አጥቂ ስለነበር ከመሀል የሚላክለት ፓክ የሚመጣው ከቀኙ፣ ከማያይበት በኩል ነው። አንገቱን በቀኝ ትከሻው ላይ ጠምዝዞ ካላየ ያመልጠዋል፤ ሲጠመዘዝ ደግሞ ተከላካይ ይገጨዋል። በኋላ በተጫወተበት የሎስ አንጀለስ ብሌድስ ቡድን አሰልጣኙ አልፍ ፓይክ ወደ ቀኝ ክንፍ ሲያዛውረው ፓኩ በጤነኛው ዓይኑ በኩል መጣለት። ቅብብሉን በዱላው ጀርባ ማቆም መልመድ ነበረበት፣ ይሄ ቀላል አይደለም። ግን ዱላውን በግራ ጎኑ ይዞ የሚመታ ስለሆነ የጎሉ ማዕዘን ሰፋለት። በ1964/65 ብሌድስ በሚጫወትበት፣ ከኤንኤችኤል ዝቅ ባለው ዌስተርን ሆኪ ሊግ 38 ጎል አግብቶ ከሁሉም በለጠ። ችሎታውን በ4 ጎል መለካት በጣም ያሳዝናል።