ግማሽ ጭነቱ ተነሳ፣ ግማሽ መንገዱ ግን ቀረ

ኮሮና አገር ውስጥ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ የአዲስ አበባ ሚኒባስ በ12 ፈንታ 6 ሰው እንዲጭን፣ ሂሳቡም እጥፍ እንዲሆን ተደረገ። ታሪፉ 10 ብር ነበር እንበል፦ 12 ሰው በ10 ብር 120 ብር፣ 6 ሰው በ20 ብርም ያው 120 ብር። ሾፌሩ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አልተነካም። የተነካው ሰልፉ ነው። 1,200 ሰው ለማንሳት 100 ጉዞ ይበቃ የነበረው 200 ጠየቀ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ብቻ ጉዱ ሳይወጣ አለፈ።

ደንቡ ሲነሳ ወንበሩ ሞላ፤ መንገዱ ግን እንደገና ተቆረጠ። ማቆራረጥ፣ ማለትም ሙሉውን መስመር ሳይጨርሱ መሀል ላይ ሰው አራግፎ መመለስ፣ ከኮሮና በፊትም የነበረ በሽታ ነው። ይሁንና የሕዝብ ትራንስፖርት የነዳጅ ድጎማ ተጠቃሚ የነበረ ቢሆንም፣ ቤንዚን ከሰኔ 29 ቀን 2014 ጀምሮ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ከገባና ከዚያም ወዲያ ሽቅብ ከቀጠለ በኋላ፣ ሾፌሩ ከታሪፍ ማሻሻያው ቀድሞ ጭማሪውን በገዛ እጁ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ማታ 12 ሰዓት መገናኛ ላይ ረዳቱ «ሲኤምሲ! ሲኤምሲ ብቻ!» ይላል። አያት የሚገባው ሰው መሀል መንገድ ላይ፣ ሲኤምሲ ወርዶ ሁለተኛ ሰልፍ ይይዛል። በዚህ ሰዓት ወደ አያት የሚወጣው መኪና ጢም ብሎ ሄዶ ባዶውን ይመለሳል። ሙሉው መንገድ 10 ብር፣ ግማሹ 6 ብር ቢሆን፣ አያት ደርሶ የሚመለስ 120 ብር ይሰበስባል፤ ሲኤምሲ ላይ እየዞረ ሁለት ጊዜ የሚጭን ደግሞ በዚያው ነዳጅ 144 ብር። መገናኛ ላይ በዚህ ሰዓት ወንበር ለመሙላት ደቂቃ አይፈጅም፤ ስለዚህ ደጋግሞ መጫኑ ምንም አያስከፍለውም። የታሪፍ እርከኑ አጭሩን መንገድ ከግማሽ በላይ እስካስከፈለ ድረስ ማቆራረጥ ያዋጣል። ተሳፋሪው ግን 12 ብርና ሁለት ሰልፍ ከፈለ። (በዚሁ መስመር ላይ የሚያልፈው ባቡር መፍትሔ መሆን ነበረበት። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው፣ የሚመጣው ሰው ጭኖ አይጨርስም።)

ትራፊክ ፖሊስ ሲኤምሲ ላይ አቁሞ መቅጣቱን አልደግፍም። መኪናው ተይዞ ሰዓቱ ያልፋል፣ አስፋልቱም ይዘጋል። መያዝ ያለበት መገናኛ ላይ ነው። ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት በሁለቱ ጫፎች፣ መገናኛና አያት ላይ፣ ታርጋና ሰዓት ይመዝገብ። 12 ሰዓት ላይ ከመገናኛ ወጥቶ አያት ሳይመዘገብ 12 ተኩል ላይ ተመልሶ የቆመ መኪና ቆርጧል፤ ታፔላው ላይ የተጻፈው መስመር ምስክር ነው። ቅጣቱ ገንዘብ ሳይሆን የዚያን ምሽት ተራ ማጣት ይሁን።

ቅጣት ብቻውን ግን አይሄድም። ባዶ መመለሱ እውነተኛ ወጪ ነው። ከተማው ከማኅበራት አውቶቡስ ተከራይቶ እንዳሰማራው ሁሉ፣ በእነዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል አያት ደርሶ ለተመለሰ ሚኒባስ በጉዞ ቁጥር ይክፈል። ክፍያውም ከላይ ካየነው የ24 ብር ልዩነት በላይ መሆን አለበት፤ ካነሰ አያት ድረስ የሚሄድ አይኖርም። በጉዞ ሲከፈል ደግሞ ሾፌሩ መንገድ ላይ ያለውን ተሳፋሪ ጥሎ መሮጥ ይጀምራልና ሂሳቡ ከተሳፋሪው መሰብሰቡ አይቅር። መዝጋቢው ደግሞ ተራ አስከባሪው አይሁን፤ እሱ የሚበላው ከሚወጣው መኪና ቁጥር ነው፣ በቶሎ የሚመለስ መኪና ለእሱ ጥቅም ነው።